ኒኮላይ ቫቪሎቭ፤ ራይን በስንዴ ማሳ ውስጥ ያስተዋሉት የዕፅዋት ሊቅ

ዛሬ በዓለም ላይ በሚዘሩ በርካታ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች ውስጥ ከስንዴ ያልተገኘ የዘር ቅርስ አለ። ይህ ቅርስ የተወሰደው ራይ ከተባለውና በአውሮፓ ለጥቁር ዳቦ ከሚውለው የብርድ አገር እህል ነው። ስንዴ ዋግን እንዲቋቋም የረዳው ይህ ባዕድ ዘረመል በየትኛው ዝርያ ውስጥ እንደሚገኝ ለይቶ ማወቅ የዝርያ ማሻሻያ ተመራማሪዎች ዋነኛ ተግባር ከሆነ ከ40 ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። የሁለቱን እህሎች ዝምድና ከቤተ ሙከራ አስቀድመው በገበሬ ማሳ ላይ ካጠኑት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደም የሆኑት ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያንም በእግርና በበቅሎ ተዘዋውረው ዘር የሰበሰቡ ሰው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን እንደሚከተለው አጠናቅረነዋል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ቫቪሎቭ ኅዳር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በንግድ የከበሩ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነው በኋለኛው ዘመን የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። ኒኮላይ ግን የአባታቸውን ንግድም ሆነ የወንድማቸውን መንገድ ትተው ሞስኮ በሚገኘው የግብርና ተቋም የዕፅዋትን ትምህርት መረጡ። በዚያ ዘመን ሩሲያ በየጊዜው በድርቅና በረሃብ የምትጠቃ አገር ነበረች። ወጣቱ ተማሪ ለሰብል ጥናት ያላቸው ፍላጎትም ከዚህ ችግር ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዘው የዘር ውርስ ሳይንስን ከመሠረቱት አንዱ ከሆኑት ከዊልያም ቤትሰን፣ እንዲሁም በካምብሪጅ ስንዴ ዋግን የመቋቋም ባሕርይን ለልጅ ልጁ በሕግ እንደሚያወርስ ካሳዩት ከሮላንድ ቢፈን ዘንድ ተምረዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚህ ጉዞ ይዘውት የተመለሱት ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም። ጥያቄውም በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ከተዘሩ ስንዴዎች አንዱ በዋግ ሲጠፋ ሌላው ያለ ጉዳት የሚቆመው ለምንድን ነው የሚል ነበር። መልሱን ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠሩ የስንዴና የሌሎች እህሎች ዓይነቶችን እየዘሩ የትኛው በየትኛው በሽታ እንደሚጠቃ መዘገቡ። ውጤቱንም ዕፅዋት ተላላፊ በሽታን ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ባዘጋጁትና በ1919 በታተመው መጽሐፍ አቀረቡ። ዛሬ የዝርያዎች ፍተሻ እየተባለ የሚጠራው ሥራ በመሠረቱ ያን ጊዜ እርሳቸው በትዕግሥት ያከናወኑት ምዝገባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1916 የደረሰ አንድ አጋጣሚ የምርምራቸውን አቅጣጫ ወሰነው። በሰሜን ፋርስ ሰፍሮ የነበረው የሩሲያ ጦር ወታደሮች የአካባቢውን ዳቦ እየበሉ ራሳቸውን ይስቱና ይንዘፈዘፉ ጀመር። ምክንያቱን እንዲያጣሩ የተላኩት ቫቪሎቭ፣ ስንዴው በሻጋታ በተበከለ እንክርዳድ የተቀላቀለ መሆኑን ደረሱበት። እንክርዳድ በእህል ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰውን ጉዳት የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው በመሆኑ፣ ይህ ግኝት ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ቫቪሎቭ ግን ተልዕኳቸውን ፈጽመው አልተመለሱም። ጉዟቸውን ወደ ፓሚር ተራሮች ቀጠሉ፤ በዚያም ከእንክርዳዱ ይልቅ እጅግ የሚበልጥ ነገር አስተዋሉ።

በቆላው የስንዴ ማሳ ውስጥ ራይ እዚህም እዚያም የሚበቅል አረም ነበር። በፋርስና በአፍጋኒስታን አካባቢ የሚጠራበት ስም ራሱ በስንዴና በገብስ መካከል የሚገኝ አረም መሆኑን ያመለክታል። ወደ ተራራው ከፍ ባሉ ቁጥር ግን የራዩ ቁጥር እየበዛ፣ የስንዴው እያነሰ ሄደ። ከከፍታው ጫፍ ሲደርሱ ማሳው ሙሉ በሙሉ የራይ ሆኖ አገኙት። ገበሬው ግን ራይን ብዬ ልዝራ ብሎ የወሰነበት ጊዜ አልነበረም። ሁሉንም አንድ ላይ ያጭዳል፣ አንድ ላይ ይወቃል፣ ከዚያው ላይ ለዘር ያስቀራል። ብርዱ ስንዴውን እየገደለ ራዩን ስለሚያተርፍ ከዓመት ወደ ዓመት ዘሩ ራሱ እየተለወጠ ሄደ። በትግራይ ስንዴና ገብስ ተቀላቅለው የሚዘሩበትን የሐንፈጽ አዘራር የሚያውቅ ሰው የሁኔታውን አካሄድ ለመገመት አይቸገርም። ቫቪሎቭ በ1917 ባሳተሙት ጽሑፍ ራይ በሰው ጥረት ሳይሆን በስንዴ ውስጥ ተጠግቶ የኖረ አረም ሆኖ ሳለ ወደ ሰብልነት መሸጋገሩን አስረዱ። እንዲህ ያሉትን ሰብሎችም ሁለተኛ ደረጃ ሰብሎች ብለው ሰየሟቸው።

በዚያው በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ የፕሮፌሰርነት ሹመት ተሰጣቸው። ጊዜው የአብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት ሲሆን፣ በ1921 በቮልጋ አካባቢ የደረሰው ረሃብ ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በዚህ ሁሉ መካከል በሳራቶቭ የምርምር ጣቢያ አንድ የሚያስገርም ክስተት ታየ። በ1918 በስንዴ መደቦች ላይ ማንም ሳያዳቅላቸው በተፈጥሮ ከራይ የተዳቀሉ ተክሎች በሺዎች ቁጥር በቀሉ። ጉዳዩን ተከታትለው ለዓለም ያሳወቁት የጣቢያው ተመራማሪ ጌኦርጊ ሜይስተር ናቸው። ስንዴና ራይ ሊዳቀሉ እንደሚችሉ ከዚያ በፊትም የታወቀ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሪምፓው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ዘር የሚሰጥ ዲቃላ አግኝተዋል። የሳራቶቩ ክስተት ልዩ የሚሆነው ተፈጥሮ ራሷ በሰፊው ማሳ ላይ ሥራውን ስትሠራ በመታየቷ ነው።

ቫቪሎቭ በሰኔ 1920 በዚያችው ከተማ በተካሄደ የዝርያ ማሻሻያ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ዝነኛ ያደረጋቸውን ሕግ አቀረቡ። ሕጉ ዝምድና ያላቸው ዕፅዋት ተመሳሳይ የባሕርይ ልዩነቶችን በተራ ያሳያሉ የሚል ነው። ከዋነኞቹ ማስረጃዎች አንዱም የስንዴና የራይ ንጽጽር ነበር። በስንዴ ላይ ቀይ ዛላና ነጭ ዛላ፣ ጺም ያለውና የሌለው፣ የክረምትና የጸደይ ዓይነት ካለ በራይም ላይ ይኸው ሊፈለግ ይገባል ማለት ነው። ሕጉ ለተመራማሪዎች የጎደለውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያህል አገልግሏል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የተግባራዊ ዕፅዋት ቢሮን በኃላፊነት ተረከቡ። ቢሮው በየጊዜው እያደገ በ1930 የመላው ሶቪየት ኅብረት የዕፅዋት ኢንዱስትሪ ተቋም ተባለ። ቫቪሎቭ ከ1929 እስከ 1935 የግብርና ሳይንስ አካዳሚውን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በአስተዳዳሪነታቸው የሚጠቀሱበት ዋና ነገር በየአየር ጠባዩ የምርምር ጣቢያዎችን መዘርጋታቸው ነው። አንድን ዓይነት ዘር በብዙ ቦታ እየዘሩ ባሕርዩን ማነጻጸር የሥራቸው የዘወትር አካሄድ ነበር። ባልደረባቸው ጌኦርጊ ካርፔቼንኮ ዝምድናቸው ሩቅ የሆነውን ጥቅል ጎመንና ፍጅል አዳቅለው ዘር የሚሰጥ አዲስ ተክል ያስገኙትም በዚሁ ተቋም ውስጥ ነው። ይህ ሥራ የአንዱን የዕፅዋት ወገን ጠቃሚ ዘረመል ወደ ሌላው ማሻገር እንደሚቻል ተስፋ ሰጥቶ ነበር።

ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ነው። በ1927 የመጀመሪያ ወራት፣ ማለትም በ1919 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ደርሰው በወቅቱ አልጋ ወራሽና እንደራሴ በነበሩት በራስ ተፈሪ መኮንን ዘንድ ቀርበዋል። ሁለቱ አገሮች በዚያን ጊዜ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ያልነበራቸው ቢሆንም የጉዞ ፈቃድ አላጡም። የበቅሎ ጓዝ አደራጅተው በሰሜን አቅጣጫ በጎንደርና በአክሱም በኩል እስከ አስመራ ተጉዘዋል። በየገበያውና በየአውድማው እየቆሙ ከገበሬዎች የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍ፣ የኑግና የጥራጥሬ ዘር ሰብስበዋል።

ያዩት ነገር አስደንቋቸዋል። በአንዲት ትንሽ ማሳ ላይ በቀለሙ፣ በዛላው ቅርጽና በጺሙ የተለያየ ብዙ ዓይነት ስንዴ አገኙ፤ በሌላ አገር የማይታወቅ ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴም ከእነዚህ አንዱ ነው። በአክሱም አካባቢ ደግሞ ጺም የሌለው የዱረም ስንዴ አገኙ። ይህ ዓይነቱ ስንዴ የዝርያ አሻሻዮች በማዳቀል ሊያስገኙት ሲደክሙበት የነበረ ነው። በ1931 የአቢሲኒያን ስንዴዎች ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። አገራችንንም የዓለም ሰብሎች መገኛ ናቸው ካሏቸው ጥቂት ማዕከላት አንዷ አድርገው መዝግበዋታል። በእርግጥ የዱር ስንዴ በኢትዮጵያ ባለመኖሩ፣ የኋለኛው ዘመን ተመራማሪዎች አገሪቱን የስንዴ የመጀመሪያ መገኛ ሳይሆን ስንዴ በጥንት ዘመን ገብቶ የተባዛባት የብዝኃነት ማዕከል ይሏታል። ይህ እርማት የቫቪሎቭን ምልከታ ክብር የሚቀንስ አይመስለንም። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል የእርሳቸው ዓይነት እምነት ውጤት ነው፤ እምነቱም የገበሬው ዘር ከመጥፋቱ በፊት ይሰብሰብ የሚል ነው።

ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቫቪሎቭ ሁኔታ እየከፋ ሄደ። የግዳጅ የእርሻ ማኅበራት ዘመቻ ምርትን ባናጋበት ወቅት መንግሥት ፈጣን ውጤት ይፈልግ ነበር። በ1931 የወጣ አንድ ውሳኔ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሚፈጀውን አዲስ የሰብል ዝርያ የማውጣት ሥራ በ4 እና በ5 ዓመት እንዲጠናቀቅ አዘዘ። ቫቪሎቭ ትእዛዙን ለመፈጸም ቢጥሩም፣ አንድ ዲቃላ ባሕርዩ እስኪረጋ የሚወስደውን የትውልድ ብዛት በመመሪያ ማሳጠር እንደማይቻል ያውቁ ነበር። በዚህ መካከል የተነሱት ትሮፊም ሊሴንኮ ዘርን በብርድ በማከም ባሕርዩን መለወጥና በ2 ወይም በ3 ዓመት አዲስ ዝርያ ማውጣት እንደሚቻል ተናገሩ። ለአለቆች የሚያስደስተው የትኛው ሪፖርት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሳራቶቩ ሜይስተር በዚያው ዓመት ተረሽነዋል። የቫቪሎቭ ተቋም ባልደረቦችም አንድ በአንድ ይታሰሩ ጀመር።

ቫቪሎቭ ስሕተቱን ስሕተት ነው ከማለት አልተቆጠቡም። ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን የዘር አሰሳ ላይ ሳሉ ከቼርኒቭትሲ ከተማ አጠገብ ተይዘው ተወሰዱ። ከዕቃቸው መካከል ባልደረቦቻቸው በዚያ ቀን የሰበሰቡትን የጥንት ስንዴ ዛላ አግኝተዋል። በሰላይነትና በአሻጥረኝነት ተከሰው ለብዙ ወራት ከተመረመሩ በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1941 ሞት ተፈረደባቸው። ካርፔቼንኮ በዚያው ወር ሲረሸኑ፣ የቫቪሎቭ ፍርድ ግን በ1942 ወደ 20 ዓመት እሥራት ተለወጠ። ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲቃረቡ እሥረኞች ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ እርሳቸውም ወጣት ፕሮፌሰር ሆነው ወደ ኖሩባት ወደ ሳራቶቭ ተወሰዱ። ባለቤታቸው የምስር ተመራማሪዋ የሌና ባሩሊናና ልጃቸው ዩሪ ከጦርነቱ ሸሽተው በዚያችው ከተማ ይኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ ባለቤታቸው እዚያው በቅርብ መታሠራቸውን ስላላወቁ ስንቅ ይልኩላቸው የነበረው ወደ ሞስኮ ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመታቸው በእሥር ቤት በረሃብ አረፉ። የተቀበሩትም በጅምላ መቃብር ነው።

በዚያን ጊዜ በሌኒንግራድ የነበረው ተቋማቸው በጀርመን ጦር ተከቦ ነበር። ከተማዋ ለ872 ቀናት ስትከበብ ሠራተኞቹ ሩዙን፣ ስንዴውን፣ ኦቾሎኒውን ጠበቁ እንጂ አልበሉትም። የሩዝ ክፍል ኃላፊውን ዲሚትሪ ኢቫኖቭን ጨምሮ በርካቶቹ በእህል ከረጢቶች መካከል በረሃብ ሞተዋል። ሳራቶቭ እሥር ቤት ውስጥ የነበሩት ኃላፊያቸው ይህን ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ነገር የለም።

ከጦርነቱ በኋላም ሊሴንኮ በሥልጣናቸው ቀጥለው፣ በ1948 የዘር ውርስ ሳይንስ በሶቪየት ኅብረት እንዲታገድ አደረጉ። ከዚህም አልፎ በስንዴ ዛላ ውስጥ የራይ ፍሬ ተገኘ፣ ስለዚህ ስንዴ ወደ ራይ ይለወጣል የሚል ትምህርት አስፋፉ። ቫቪሎቭ ከ30 ዓመታት በፊት በፓሚር ተራራ ላይ ያስረዱት ጉዳይ ይህ ነበር። በማሳው ላይ ራይ የሚበዛው ስንዴው ራይ ስለሆነ ሳይሆን፣ ስንዴው ሲሞት ከጎኑ የነበረው ራይ ስለሚተርፍ ነው። በአንድ መንግሥት የግብርና ፖሊሲ ላይ የተወሰነው እንዲህ ባለ ልዩነት ላይ መሆኑ ዛሬም ያስደነግጣል። ቫቪሎቭ ከወንጀል ነጻ መሆናቸው የተረጋገጠው ነሐሴ 20 ቀን 1955 ሲሆን፣ ተቋሙም ከ1967 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።

ስንዴና ራይን በማዳቀል ረገድ የተገኘው ዋና ውጤት ከሩሲያ ውጭ ተጀምሮ ወደ ሩሲያ የተመለሰ ነው። በጀርመን አገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከተደረጉ ማዳቀሎች በአንዱ፣ የራይ አንደኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ተቆርጦ በስንዴ ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ተቀጠለ። ይህ ቁራጭ የግንድ ዋግን፣ የቅጠል ዋግን፣ ቢጫ ዋግንና ዱቄት መሰሉን የቅጠል በሽታ የሚከላከሉ ዘረመሎችን በአንድነት ይዞ ይገኛል። ሩሲያዊው ፓቬል ሉክያኔንኮ በክራስኖዳር ይህን ቅርስ ተጠቅመው ካቭካዝና አውሮራ የተባሉትን ስንዴዎች አወጡ። ካቭካዝ በሜክሲኮ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የስንዴና በቆሎ ማሻሻያ ማዕከል ስንዴዎች ጋር ተዳቅሎ ቬሪ የተባለውን የስንዴ ወገን አስገኘ። ከዚህ ወገን የተመረጡ ዝርያዎችም በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ተሰራጩ።

በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ የተለቀቀው ዳሽን የተባለው ዝርያ የዚሁ ወገን ነው። ዳሽን ቢጫ ዋግን የሚቋቋምበት ዘረመል ከራይ የመጣ ነበር። በ1988 ይህን ዘረመል የሚያልፍ የዋግ ዓይነት ተከስቶ ዝርያውን ክፉኛ ጎዳው። ከአሥር ዓመታት በኋላ በ1998 ደግሞ በኡጋንዳ የግንድ ዋግን ለሚከላከለውና ኤስአር 31 ለሚባለው የራይ ዘረመል የማይበገር የዋግ ዓይነት ተገኘ፤ ዩጂ 99 የተባለው ይኸው ነው። በ2003 ወደ ኢትዮጵያ፣ በ2007 ወደ ኢራን መድረሱ ተረጋግጧል። በብዙ አገሮች ያለው ስንዴ በአንድ ዘረመል ላይ ተደግፎ ስለነበር ስጋቱ ዓለም አቀፍ ሆነ።

የዝርያዎች ፍተሻ አስፈላጊነት ጎልቶ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። የራይ ቁራጭ በውስጡ ያለው ስንዴ ከሌለው ስንዴ በዓይን አይለይም። የትውልድ ሐረጉን መመልከትም አስተማማኝ አይደለም፤ ከአንድ ማዳቀል ከወጡ እህትማማች መስመሮች አንዱ ቁራጩን ሲወርስ ሌላው ላይወርስ ይችላልና። ስለዚህ ባለሙያዎች በበርካታ መንገዶች ያጣራሉ። ችግኙን ባሕርያቸው በታወቀ የዋግ ዓይነቶች ይበክላሉ፣ የፍሬውን ፕሮቲን በመለየት የራይ የሆነውን ይፈልጋሉ፣ ክሮሞዞሙን ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ይመለከታሉ፤ አሁን አሁን ደግሞ የዲኤንኤ ምልክት መጠቀም ቀላሉና የተለመደው ሆኗል። ቁራጩ መኖሩ ከታወቀ በኋላም ጥያቄው አያበቃም። የራይ ፕሮቲን ሊጡን የሚያጣብቅና የዳቦውን ጥራት የሚቀንስ በመሆኑ ለዳቦ ፋብሪካ የሚፈለግ ስንዴ ላይ ጉዳት አለው። በሌላ በኩል ሥሩን የሚያጠነክርና እርጥበት ሲያጥር የሚረዳ መሆኑን ያመለከቱ ጥናቶች አሉ። በመሆኑም የትኛው ዝርያ የት ይዘራ የሚለው ውሳኔ ይህን መረጃ በእጅ መያዝን ይጠይቃል።

ከ2005 ጀምሮ በኬንያ ንጆሮ ለዳቦ ስንዴ፣ በኢትዮጵያ ደብረ ዘይት በተለይ ለዱረም ስንዴ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ የስንዴ መስመሮች በዩጂ 99 እየተበከሉ ሲፈተሹ ቆይተዋል። ሥራው የሚከናወነው ቫቪሎቭ በወጣትነታቸው እንዳደረጉት ነው፤ በየመደቡ ይዘራል፣ ይበከላል፣ የተጠቃውና የተረፈው በመዝገብ ይጻፋል። ራይም ቢሆን ያለውን ሁሉ አልጨረሰም። ከሌላ የራይ ዝርያ ወደ ስንዴ የተሻገረውና ዩጂ 99ን የሚቋቋመው ኤስአር 50 የተባለው ዘረመል በ2015 ማንነቱ ተለይቶ ታውቋል። ተመራማሪዎች ይህን ዘረመል እንደ ቀድሞው ለብቻው ከማሰራጨት ይልቅ ከሌሎች ጋር በአንድ ዝርያ ውስጥ አደራርበው ለማኖር እየሠሩ ይገኛሉ።